የሔዋን ስውር ልጆች
ስለ ዛር፣ ስለ ፌሪና በወረቀት ስለሚደረግ ጨዋታ



«ስሙን ቄስ ይጥራው» የሚለውን አባባል ከእናቱ አፍ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ክፉ በሽታ ወይም የማይታይ ፍጡር በጨዋታ መካከል ሲነሣ፣ ስሙን የጠራ ሰው እንደ ጋበዘው ይቆጠራልና፣ መጥራቱ ለቄስ ይተዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስሙን ራሳችን ልንጠራው ተነሥተናል። ወደዚህ ያደረሰንን ምክንያት አስቀድመን እንናገር።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አራት የኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ሞጆ ከሚገኝ የጓደኛችን ቤት ጥቂት ቀን ሰንብተን ነበር። ሞጆ፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ከአዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። ባሕር ሳይኖራትም ወደብ አላት። ከጅቡቲ በከባድ መኪናና በባቡር ተጭኖ የሚመጣው ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርስና፣ እዚያ ተከፍቶ፣ ተፈትሾ፣ ቀረጡ ተከፍሎበት ወደየአገሩ ይበተናል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከወደቡ አቅራቢያ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ አንዱ ጓደኛችን ያመጣውን በወረቀትና በዳይስ የሚደረግ ጨዋታ እንጫወት ነበር። ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ከበውን ይመለከታሉ። በጨዋታው ውስጥ «ፌሪ» የምትባል ክንፍ ያላት ፍጡር ነበረችና፣ ከሾፌሮቹ አንዱ ምን እንደሆነች ጠየቁን። ጓደኛችንም ለማስረዳት ቸኩሎ «ጋሼ፣ ያው እንደ ዛር ማለት ናት» ብሎ መለሰ። ሻይ የሚቀዱልን ሴትዮ ይህን ሰምተው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ እናንተ የምትጫወቱበት ነገር በእኛ ቤት ዕዳ ነበር» አሉን። ከዚያ ስለ እናታቸው ነገሩን፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያች ምሽት ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ከአእምሯችን አልጠፉም። አንደኛ፣ ፌሪና ዛር በእርግጥ ይመሳሰላሉን? ሁለተኛ፣ የአንዱ ሕዝብ እምነት የሌላው መጫወቻ ሲሆን ምን ይተርፋል፣ ምንስ ይጠፋል? አንብበንና ጠይቀን የደረስንበትን እነሆ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱን የጻፍናቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ፌሪ ማን ናት?

«ፌሪ» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ፋታ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ዕድልን፣ ዕጣ ፈንታን የሚመለከት ነው። ዛሬ በልጆች መጽሐፍና በፊልም የምናያት፣ የቢራቢሮ ክንፍ ያላት፣ ጣት የምታህል ልጅ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ናት። በ1590ዎቹ ሼክስፒር በጻፈው ቲያትር ፌሪዎችን በአበባ ውስጥ እስኪደበቁ ድረስ አሳነሳቸው፤ ክንፉን ደግሞ ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተነሡ ሠዓልያን ቀጠሉላቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ገበሬ ያያቸው ዘንድ የማይመኛቸው፣ ቢያያቸውም መንገድ የሚለቅላቸው ፍጡራን ነበሩ።

ሮበርት ኪርክ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ በ1690ዎቹ መባቻ ስለ እነዚህ ፍጡራን መጽሐፍ ጽፏል። በእርሱ አነጋገር ፌሪዎች በሰውና በመላእክት መካከል ያሉ ናቸው። በአየርላንድ ደግሞ በጥንት ጉብታ ሥር ይኖራሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ስማቸውም በቀጥታ አይጠራም፤ እንዳይቆጡ «ደጎቹ ሰዎች» ይባላሉ። ይህ ከእኛው «ስሙን ቄስ ይጥራው» ምን ያህል ይርቃል?

ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች ፌሪ ብረት ትፈራለች ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ አራስ ልጅ እንዳይለወጥባቸው መቀስ ወይም ሌላ ብረት ከአልጋው አጠገብ ያኖሩ ነበር። እንግዲህ በአገራችን አራስ ሴት ብቻዋን የማትተወው፣ ወደ ደጅም ስትወጣ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት የምትይዘው ስለ ምንድር ነው? የኛም አያቶች የነሱም አያቶች፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ መሣሪያ አንድ ዓይነት ፍርሃት ሲከላከሉ ኖረዋል ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ ብንሻገር ፋርሶች «ፔሪ» የሚሏቸው ውብ መናፍስት አሏቸው። በዐረቦች ዘንድ ጂኒ አለ፤ ቁርዓን ጂኒዎች ጭስ ከሌለው እሳት እንደ ተፈጠሩ ይናገራል። እንዲያው በጠቅላላው ሰው ከሚታየው ዓለም ጎን የማይታይ ጎረቤት የሌለበትን አገር ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ብቻ የሚወራ ተረት የሚመስለው ሰው ካለ፣ በ1895 በአየርላንድ ቲፐራሪ የሆነውን ይስማ። ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ወጣት ሚስት ታመመች። ባሏ «ይህች ሚስቴ አይደለችም፤ ሚስቴን ፌሪዎች ወስደው በምትኳ ያስቀመጧት ናት» ብሎ አቃጥሎ ገደላት። ፍርድ ቤቱም ሃያ ዓመት ፈረደበት። ያን ጊዜ በለንደን የፌሪ ሥዕል በሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፤ በቲፐራሪ ግን ስለ ፌሪ ሰው ይሞት ነበር።

የሔዋን ልጆች

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ስለ ዛር አመጣጥ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚነገረው ታሪክ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሔዋን በገነት ሳለች ሠላሳ ልጆች ወለደች። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ እጅግ ያማሩትን አሥራ አምስቱን ደብቃ የቀሩትን አሳየችው። እርሱ ግን የተሰወረውን ያውቃልና «የደበቅሻቸው እንደ ተደበቁ ይቅሩ» ብሎ ፈረደ። የታዩት የእኛ አባቶችና እናቶች ሆኑ፤ የተሰወሩት ዛሮች ሆኑ። ዛሮች ከእኛ ይልቅ ውቦችና ብርቱዎች ናቸው፤ ሆኖም በቀን ብርሃን በሚመላለሱት ደካማ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ይቀናሉ። ስለዚህ በሰው ላይ ይሰፍራሉ ይባላል።

ይህን ታሪክ የኛ ብቻ አድርገን ስንይዘው ኖረናል። ዳሩ ግን በሰሜን ውቅያኖስ መካከል ባለችው በአይስላንድ ስለ ስውራን ሕዝብ የሚነገረው ታሪክም ይኸው ነው። ዮን አውርናሶን የተባለ ሰብሳቢ ከ1862 እስከ 1864 ባሳተመው የአይስላንድ ተረት ክምችት ውስጥ ይገኛል። በዚያ አገር ሔዋን የደበቀቻቸው ገና ያልታጠቡትን ልጆች ነው፤ በእድፋቸው እንዳይታዩባት አፍራ። ፈጣሪም ከእርሱ የተሰወረ ከሰው እንዲሰወር ፈረደ። የግሪም ወንድማማች ባሳተሙት የጀርመን ተረት ደግሞ ሔዋን የደበቀችው መልከ ጥፉዎቹን ነው። እነዚህ ግን መናፍስት አልሆኑም፤ ቆንጆዎቹ ነገሥታትና መሳፍንት ሆነው ሲባረኩ፣ እነርሱ ገበሬና የእጅ ሠራተኛ ሆኑ።

አንባቢ ልዩነቱን ይመልከት። የአይስላንድ እናት ያደፈውን ትደብቃለች፤ የጀርመን እናት መልከ ጥፉውን ትደብቃለች፤ የኛ እናት ግን ያማረውን ትደብቃለች። ለምን? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ ያለብን አይመስለንም። በአገራችን ያማረ ሕፃን ዓይን እንዳይበላው ይሸፈናል፤ «እንዴት ያምራል!» ያለ እንግዳ በክፉ ይታያል። ተረቱ አንድ ሆኖ ፍርሃቱ ግን የየአገሩ ነው።

አንዱ ከሌላው ወስዷልን? ብለው የሚጠይቁን ጓደኞች አሉ። በኛ ግምት መዋስ ሳያስፈልግ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ሕዝቦች ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበቡ ወይም ሲነበብ የሰሙ ናቸው። መጽሐፉ አዳምንና ሔዋንን ይናገራል፤ ሕዝቡ በጎረቤት አለ ብሎ ስለሚያምነው ስውር ፍጡር ግን አንድም ነገር አይናገርም። ስለዚህ ገበሬው ክፍተቱን በራሱ ሞላው፤ መጽሐፉንም የአያቶቹንም እምነት ሳይጥል ሁለቱን በአንዲት እናት አስታረቃቸው። ይህ የአላዋቂ ሥራ አይደለም፤ የሚያስብ ሰው ሥራ ነው።

ዛር እንዴት ይሠራል?

ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋልና። ዛሮች እንደ ሰው ነገድ፣ ማዕረግና ዘር አላቸው። ሠይፉ ጨንገርና ራሄሎን የመሰሉ ስማቸው የታወቀ ዛሮች አሉ። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ዜማ፣ የራሱ ልብስ፣ የራሱ ሽቶና የራሱ የዶሮ ወይም የበግ መልክ አለው። ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ከበሮ ሲመታ ፈረሱ ይጓራል፤ ዛሩም በፈረሱ አፍ ይፎክራል፣ ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውንም ይጠይቃል። የኛ ዛር እንደ ክፉ ጋኔን ተባርሮ አይወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከእርሱ ጋር መደራደር ነው። ዓመት በዓመት ድርሻውን ሲያገኝ ያርፋል፤ ሲቀርበት ያሳምማል።

ይህ ሥርዓት ከአገራችን አልፎ በሱዳን፣ በግብፅና በዐረብ አገሮችም ተስፋፍቷል። እኛ ባለንበት በስምጥ ሸለቆውና በአካባቢውም ሰዎች የሚሄዱባቸው ታላላቅ ሥፍራዎች አሉ። በአርሲ የሚገኘው ፈረቀሳ ከሞሚና ስም ጋር ተያይዞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲሳለመው የኖረ ቦታ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ስለ አያናና ስለ አቴቴ የሚነገረው የራሱ ሥርዓትና የራሱ ትርጉም ያለው በመሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቶ «ዛር» ማለት ስሕተት ይሆናል። እንዲሁም በቢሾፍቱ ሆራ የሚከበረው ኢሬቻ ለዋቃ የሚቀርብ ምስጋና እንጂ የዛር ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዛርን እንደሚቃወሙ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ሥርዓቱ ከሁለቱም ምእመናን ቤት አልጠፋም።

ስለምን አልጠፋም? ሲሞን መሲንግ የተባለ የባሕል አጥኚ በ1958 ባሳተመው ጥናት አንድ መልስ ሰጥቷል። ዛር ከሚይዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሴቶች፣ በተለይም በትዳራቸው ችላ የተባሉ ሚስቶች መሆናቸውን ተመልክቶ፣ ሥርዓቱ ለሕመምተኛዋ ማኅበርና መደመጥን እንደሚያስገኝላት አስረዳ። ሚስት በራሷ ስም አዲስ ቀሚስ ብትጠይቅ ትቆጣለች፤ ዛሯ ሲጠይቅ ግን ባል ይገዛል። ይህ ማለት ሴቲቱ ታታልላለች ማለት አይደለም። ሌላ አፍ ያልተሰጠው ሕመም ባገኘው አፍ ይናገራል ማለት ነው።

በወረቀት የሚደረገው ጨዋታ

አሁን በሞጆ ስንጫወተው ስለ ነበረው ጨዋታ ለማያውቀው ሰው እናስረዳ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ የታተመ ጨዋታ በ1974 በአሜሪካ ወጣ፤ ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። እንደ ገበጣ ወይም እንደ ቼዝ ሰሌዳ የግድ አያስፈልገውም። አንዱ ተጫዋች የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ጉልበቱን፣ ቅልጥፍናውን፣ ጥበቡን በቍጥር በወረቀት ይጽፋሉ። «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ከሽፍታው ጋር እነጋገራለሁ» እያሉ በቃል ይጫወታሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ አብሮ ታሪክ መሥራት ነው።

የጨዋታው ደራስያን የዓለምን ተረት በሙሉ ወደ መጽሐፋቸው አስገቡ። በ1977 በታተመው የፍጡራን መዝገብ ውስጥ የአየርላንዱ ሌፕረኮን፣ የግሪኮች የዛፍ መንፈስ፣ የዐረቦቹ ጂኒና ኢፍሪት ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ለእያንዳንዳቸው ስንት ጉዳት እንደሚችሉ በቍጥር ተመድቧል። በ2021 ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ፌሪ ሆኖ የሚጫወትበት ደንብ ወጣ። ገበሬው ስሟን ለመጥራት የፈራት ፍጡር እነሆ በቍጥር ተለክታ በገበያ ትሸጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጨዋታው መጀመሪያ ሲወጣ እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን የፈጠራቸው «ሆቢት» የተባሉ ፍጡራንም ነበሩበት። ዳሩ ግን የመብቱ ባለቤቶች ስለ ተቃወሙ ስሙ ወጥቶ በሌላ ተተካ። ሆቢት ጠበቃ ነበረው፤ ጂኒና ፔሪ ግን ጠበቃ አልነበራቸውም። የአንድ ሰው ፈጠራ ንብረት ይባላል፤ የሚሊዮኖች አያቶች ፈጠራ ግን ባለቤት እንደሌለው መንገድ ዳር ዕቃ ይነሣል።

ዛርና ጨዋታው የት ይገናኛሉ?

ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር ወደ ጅቡቲ በተጓዘው የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ በ1932 ጎንደር ደርሶ ከዛር ባለቤቶች ጋር ብዙ ጊዜ ቆይቷል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የዛርን ሥርዓት ከቲያትር ጋር አነጻጸረ፤ ነገር ግን የሚጫወቱት ቲያትርና የሚኖሩት ቲያትር ልዩ ልዩ ነው አለ። ዛር የያዘው ሰው የሌላ ሰው ጠባይ፣ ድምፅና ልብስ ይይዛል፤ ተመልካች አለው፤ ግን «እየተጫወትሁ ነው» አይልም።

የሻይ ቤቷ ጨዋታችንም ጠባይ መያዝ ነበረና፣ ጓደኛችን «ያው እንደ ዛር ናት» ማለቱ ፈጽሞ ስሕተት አልነበረም። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በጨዋታው ሰው ገጸ ባሕርይውን ይጋልባል፤ በዛር ግን ፈረሱ ሰው ነው። ተጫዋች ፌሪውን መርጦ ይይዛል፤ ዛር ሰውን መርጦ ይይዛል። ጨዋታ ሲመሽ ወረቀቱ ይታጠፋል፤ የዛር ግብር በዓመቱ ይመለሳል። በጨዋታ የሚከፈለው የመጽሐፉ ዋጋ ነው፤ በዛር የሚከፈለውን ግን ሴትዮዋ ይንገሩን።

እናታቸው የዛር ፈረስ ነበሩ። ዓመት በዓመት ገብስማ ዶሮና ሽቶ ይፈለግ ነበር። አንድ ዓመት በቤቱ ገንዘብ ጠፋ፤ አባትየውም እምቢ አሉ። እናት ተኙ፣ እህልም አልቀመስ አሉ። ያን ጊዜ ልጅቱ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። «ሰው ቤት ገብቼ ሠርቼ ገዛሁ» አሉን። «ዶሮው ታረደ፣ እናቴም ተነሣች። እኔ ግን ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም።» እኛ ዝም አልን። ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ እናቴን ተነሥቶ የሚያከብራት ያን ቀን ብቻ ነበር። ዛሯ ሲናገር ቆሞ ይሰማል። በሌላው ቀን እሷ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም።» ከመካከላችን አንዱ «እትዬ፣ እርስዎስ ያምናሉ?» ብሎ ቢጠይቅ «እሱን ለእግዚአብሔር ተውኩት» ብለው ብርጭቆውን አነሡ።

ምን ይደረግ?

ወደ ቤት ስንመለስ አራታችን አልተስማማንም። አንዱ «ዛርን በአማርኛ ደንብ ጽፈን ወደ ጨዋታው እናስገባው፤ እኛ ካላስገባነው ሌላው አበላሽቶ ያስገባዋል» አለ። ሌላዋ «የሰው ቤት ዕዳ በዳይስ አይጣልም» አለች። ሦስተኛው አየርላንዶች ስለ ፌሪ የሚጫወቱት ከፌሪ ፍርሃት ከወጡ በኋላ ነው፤ እኛ ገና ያልወጣን ስንሆን መጫወት አይገባንም አለ። አራተኛው ደግሞ መጫወት ራሱ ከፍርሃት መውጫ መንገድ ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። ለመጫወትም፣ ለመተውም፣ ለመንቀፍም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ፌሪ ብንጠየቅ ከመጽሐፍና ከፊልም ያየነውን አንድ ሰዓት ሙሉ እንናገራለን፤ ስለ አያቶቻችን ውቃቢ፣ ስለ ሰፈራችን አድባር፣ ከየትኛው ዋርካ ሥር ቡና እንደሚፈላ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን አፋችን ይያዛል። የዛርን ታሪክ በሰፊው የጻፉት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁት እናቶች ግን በየሻይ ቤቱና በየጓዳው ሳይጠየቁ እያለፉ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንባቢ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ደብተር እንያዝ። አረጋውያንን በትሕትና እንጠይቅ፤ የስውሩን ስም፣ መልኩን፣ የሚወደውን፣ የሚኖርበትን ሥፍራ፣ ስለ አመጣጡ የሚነገረውን በሚናገሩበት ቋንቋ እንጻፍ። የሕመምተኛን ምስጢርና ስም ግን አንጻፍ። ደግሞም ከተረቱ ጋር ዋጋውን እንመዝግብ፤ ዶሮውን ማን ገዛው? ከትምህርት ቤት ማን ቀረ? በዚያች አንዲት ቀን የተናገረችው ሴት በሌላው ቀን ልትናገር የፈለገችው ምን ነበር? ይህ ሳይጻፍ ዛር ወደ ጨዋታ መጽሐፍ ቢገባ፣ ክንፍ እንደ ተቀጠለላት ፌሪ አምሮ ይገባ ይሆናል፤ የሞጆዋ እናት ግን በውስጡ አትገኝም።

የሰበሰበ ሁሉ ለመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ቢያስረክብ በሚቀጥለው ቍጥር እናወጣዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትነው ነገር ካለም ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ወንድም ወይም እኅት ያርመን፤ እርማቱን በደስታ እንቀበላለን።